ከየቤቱ የተሰበሰቡት መጻሕፍት፤ የእትዬ ጸጥታ የሕይወት ታሪክ

መስከረም 19 ቀን 1949 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። በ1967 አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰው በከተማው ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ።

በ1971 የድሮው ፖስታ ቤት ክፍል ባዶ ሲቀር ቤተ መጻሕፍት ይሁን ብለው ደጅ የጠኑት እሳቸው ናቸው። መደርደሪያውን አባታቸው ሠሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ስድሳ አንድ መጻሕፍት እሳቸው ከየሰዉ ለመኑ። ጽሕፈት ቤቱ የሰጠው ቁልፉን ብቻ ነው። ይህን የምንጽፈው ዛሬ "እኛ አቋቋምነው" የሚል ስለበዛ ነው።

ለሠላሳ ስምንት ዓመታት "ጸጥታ!" እያሉ ስላስተዳደሩት ስማቸው እዚያው እትዬ ጸጥታ ሆኖ ቀረ። ቤት ውስጥ ግን እሳቸው ካወሩ ለሌላው ተራ አይደርሰውም ነበር። በ1975 ያገቧቸውን የመንገድ ቀያሽ ባለቤታቸውን ያወቋቸውም፣ መጽሐፍ አዘግይተዋል ብለው በሰው ፊት ተቆጥተዋቸው ነው። ሴት ልጅና ወንድ ልጅ ወልደዋል።

በሚያዝያ 2009 ጽሕፈት ቤቱ ክፍሉን ለስብሰባ እፈልገዋለሁ አለ። መጻሕፍቱ "ለጊዜው" ወደ ግምጃ ቤት እንዲዛወሩ ታዘዘ። እትዬ ጸጥታ ለእያንዳንዱ የተዋሰ መጽሐፍ አንድ ካርድ በሳጥን ያስቀምጡ ነበር፤ ሲቆጥሩት አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። ጎዶሎ ማስረከብ አይሆንላቸውም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በእግራቸው በር እያንኳኩ አራት መቶ አሥራ አንዱን አስመለሱ። አንድ ጫማ ጠጋኝ ብቻ "ጠፍቶብኛል" አላቸው፤ ስሙን በቀይ ጽፈው ሰላምታ ነሱት።

የግምጃ ቤቱ ጣሪያ ያፈስ ነበር። ስድስት ደብዳቤ ጻፉ፤ ስድስት ጊዜ "በሂደት ላይ ነው" ተባሉ። ዝናቡ ሂደታቸውን አልጠበቀም። ክረምቱ አልፎ በሩ ሲከፈት አራት ሺህ መጻሕፍት ሻግተው፣ ተጣብቀው፣ በአካፋ ተዛቁ። አንድም ሰው አልተጠየቀም። አዳራሽ ይሆናል የተባለው ክፍልም ስብሰባ ሳያይ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆነ። ይህን ሁሉ ያደረጉት በሰላም ተኝተው ሲያድሩ፣ እሳቸው "ሰው ቤት ብተዋቸው ይተርፉ ነበር፤ በገዛ እጄ ሰብስቤ ሰጠኋቸው" እያሉ ራሳቸውን ይከሱ ነበር።

በ2013 የልብ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ጫማ ጠጋኙ ሊጠይቃቸው መጥቶ መጽሐፉን ከኮቱ ስር አወጣ።

"እትዬ፣ አልጠፋም ነበር። ያኔ የጽሕፈት ቤቱን ሰዎች ስላላመንኳቸው ነው።"

"አንተ ውሸታም! ምነው ከተማው ሁሉ እንዳንተ ውሸታም በሆነ!" ብለው ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ኅዳር 4 ቀን 2015 ዓ.ም. በስድሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው በሐዘን ቀርተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከድካማቸው ያሳርፍልን፤ በራሳቸው ላይ ያኖሩትንም ጥፋት ያንሣላቸው።

ጽሕፈት ቤቱ በቀብሩ ላይ ንግግር ላድርግ ብሎ ትናንት ሰው ልኮ ነበር። ቤተሰቡ አልፈቀደም።