ስኳር የደበቀችብኝ ሴትዮ

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ትበያለሽ ወይስ ስለ ምግብ እየተማርሽ በረሃብ ልታልቂ ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ዕድሜዬን ካልነገርኩት ዝም ይላል።

እንግዲህ የአያትሽን ነገር ላጫውትሽ። ሐኪሙ የአንጎሏን ፎቶ ያሳየኝ እሷ ውጭ ተቀምጣ ሳለ ነው። ስኳር የሚነድበት ቦታ ቀይና ቢጫ፣ የተራበው ሰማያዊ። አንጎል ሁለት እፍኝ የማይሞላ ነገር ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚያቃጥለው አንድ አምስተኛውን ብቻውን ይጨርሳል አለኝ። እንዲህ ያለ ሆዳም በአናቴ ተሸክሜ ሰማንያ ዓመት መኖሬን መች አወቅኩ! የእሷ ግን ማዕዱ ቀርቦለት መጉረስ ያቃተው ሰፈር አለው። አርባ ዓመት መኪና ስጠግን ታንኩ ሙሉ ሆኖ ነዳጁ ሞተሩ ያልደረሰ ብዙ አይቻለሁ፤ ሐሳብ ሲነድ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ምግብ ከመርሳት ሕመሟ አያድናትም፣ ሊያግዛት ግን ይችል ይሆናል አለ ሐኪሙ። አንቺም ዝርዝሩን ላክሽ፦ ዓሣ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ለውዝ፣ ስኳር መቀነስ፣ በእግር መሄድ። አያትሽን ታውቂያት የለ? ለራሷ ከሆነ ጣቷን አታነሳም፤ ለእኔ ከሆነ ተራራ ትንዳለች። ስለዚህ ዋሸሁ። ፎቶው የመጣበትን የሐኪም ቤቱን ፖስታ ፍራሽ ስር ወሽቄ፣ ፎቶውን ብቻ ይዤ፣ የታመምኩት እኔ ነኝ አልኳት። አተኩራ አየችውና፣ ድሮም ጠርጥሬ ነበር አለችኝ!

ከዚያ ወዲህ ፍዳዬን አየሁ። ስኳሩን ትደብቅብኛለች፤ የት እንደደበቀችው ትረሳለች፤ አብረን እንፈልጋለን፤ ሳገኘው ትቀማኛለች። ቅጠሉን ብቻህን አትበላም ብላ ከእኔ እኩል ትበላለች። ጠዋት ጠዋት፣ እንዳልጠፋባት፣ ክንዴን ይዛ ታዞረኛለች።

ትናንት ምሳ ላይ ቅጠሉ ሰለቸኝና ሳህኑን ገፋሁት። መልሳ ወደ እኔ ገፋችው። ብላ፣ አንተ ከተውክ እኔም እተዋለሁ አለችኝ። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ ፖስታው ላይ የማን ስም እንዳለ ማንበብ እኮ ገና አልረሳሁም አለች።

የእኔ ልጅ፣ ስኳር የደበቀችበትን ቦታ የማታስታውስ ሴትዮ ይህንን ሦስት ወር ሙሉ ደብቃብኛለች! በዚያ ሁሉ ሰማያዊ መሃል የት አስቀምጣው ይሆን? ሐኪሙስ ቢፈልግ የሚያገኘው ይመስልሻል?

ሳህኔን ጠርጌ በላሁ።

ትምህርትሽ ይቅናሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን። መልስ ስትጽፊ ስለ እኔ ሕመም መጠየቅ እንዳትረሺ፤ ደብዳቤ የምትከፍተው እሷ ናት።

ታማሚው አያትሽ