የሐናን ጋላክሲና የእኔ ሻርፕ

ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬስ ደስታዬን ለማን ልንገር! ልጄ ሐናን ነገ ለተማሪዎች ስለ ሩቅ ጋላክሲዎች ታስረዳለች። ሰሞኑን እኔ ላይ ስትለማመድ እንቅልፍ እየወሰደኝ፣ «እማ፣ አንቺ ካልገባሽ እነሱም ይስቁብኛል» ብላ ልታለቅስ ነበር። የምታሳየው ጋላክሲ በግራና በቀኝ የሚተፋቸው ሁለት ጭራዎች አሉት፤ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ በተነሣው ምስል ላይ ግን ሁለቱም ወደ ኋላ ታጥፈዋል። እኔ ደግሞ ምስሉ ያለበት ወረቀት የተጨማደደ መስሎኝ በእጄ ላቃናው ነበር!

ዛሬ ከሐናን ጋር ከጊደር መጋላ ገበያ ስንመለስ ባጃጁ ቁልቁል ሲከንፍ የሻርፔ ሁለት ጫፎች ወደ ኋላ በረሩ። «ምን ዓይነት ነፋስ ነው!» ብል ሹፌሩ ሳቀብኝ። «ማዘር፣ ምንም ነፋስ የለም፤ ዛፎቹን ይዩዋቸው። የምንሮጠው እኛ ነን።»

ሐናን ጮኸች። «ይኸው እማ! ጋላክሲውም ብዙ ጋላክሲዎች በተሰበሰቡበት ሲሮጥ፣ በመካከላቸው ያለው ትኩስ ጋዝ ነው ጭራውን የሚያጥፈው። ጋዙን በዓይናችን አናየውም፤ የታጠፈው ጭራ ግን እዚያ እንዳለ ይነግረናል።»

ገባኝ! ወላሂ ገባኝ። ቤት ስንደርስ ለአባቷ ያስረዳሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ቆማ ትስቃለች።

ነገ ሻርፔን ይዛ ልትሄድ ነው። የመረጠችው ደግሞ ለዒድ የገዛሁትን ቀዩን ነው። ታዲያ እኔ ስታስረዳ ላያት ሄጄ ከፊት ወንበር ስቀመጥ ምን ልልበስ?