በራችን ላይ የተያዘው ጸጉረ ልውጥ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ምሽት
ዛሬም ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭነን ከእንጅባራ መናኸሪያ እስከ ገበያው። ጽሑፉ ያው ነው። ሽብርተኛ በመካከላችሁ ሊኖር ይችላል፣ ጸጉረ ልውጥ ያየ ይጠቁም። የሚጽፈው ጸጥታ ጽ/ቤት፣ እኔ አንባቢ ብቻ። ማስታወሻዬ፣ አንድ ነገር ታዝቤያለሁ፤ ባነበብኩ ቁጥር ሱቆች ቶሎ ይዘጋሉ። ለኃላፊው ብነግረው ደስ አለው። መልእክቱ ደርሷል ማለት ነው አለ።

የባለቤቴ የትዕግሥት እናት ታመዋል፣ ዘንገና ገጠር። ኔትወርክ የለም። ቅዳሜ ልትሄድ አስባለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
አዲስ ጽሑፍ። ቤት ሲያጠና የነበረ ተጠርጣሪ ትናንት ጎሕ ሲቀድ በኅብረተሰቡ ጥቆማ ተያዘ፤ በርቱ። ሰፈሩ የእኛው፣ በሩም የእኛው! የጠቆሙት ጎረቤታችን ወ/ሮ ዘነቡ ናቸው፤ በኩራት ነገሩኝ። ጋቢ ተከናንቦ ግቢያችንን ሲዞር አዩት። ማንን ፈለግህ ቢሉት ዝም፣ ከየት መጣህ ቢሉት ዝም። ትዕግሥት በሩን በአግዳሚ ወንበር ደግፋ ተኛች። አልሳቅኩባትም፤ እኔም ፈርቻለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ቀትር
ፖሊስ ጣቢያ ተጠራሁ። ተጠርጣሪው ከእኔ በቀር ለማንም አልናገርም ብሏል። ገባሁ። አያ ይስማው! የትዕግሥት አጎት።

እናቷ ሰኞ ማታ አርፈዋል። እሳቸው መርዶ ይዘው ነው የመጡት። እሷ እንዳታያቸው ተከናንበው፣ እኔ ለብቻዬ ስወጣ ሊያገኙኝ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እንዲነገራት። መርዶ ደግሞ ለመንገደኛ አይነገርም። ሁለት ቀን ሲጠየቁ አፋቸውን አልከፈቱም። ወሬው ሾልኮ ልጄ ጆሮ ቢገባስ አሉኝ፤ በአማርኛ ጀምረው በቋንቋቸው በአውንጊ ጨረሱት።

ቀብሩ ማክሰኞ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር፤ እሷን ይዘው ሊመለሱ። እስኪመሽ ጠብቀዋት ይሆናል። አልመጣችም። እንዴት ትምጣ?

አፈርኩ። ዋስ ሆኜ አስፈታኋቸው፤ ወንድሜ ቤት አስቀመጥኳቸው።

ሐሙስ፣ 11 ሰዓት
ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ንጹሕ ነው ብዬ ላንብብ አልኩ። አይሆንም። ተሳስተን ነበር ካልን ነገ ማን ይጠቁማል? ሕዝቡ ትንሽ ቢፈራ አይከፋም አለ። ስለ እንጀራህም አስብ አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያምንበትን ነው የተናገረው።

ከዚያ እድር ዳኛው ዘንድ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ጎረቤት ይሰብስቡልኝ፣ መርዶ አለ አልኳቸው። አመነቱ። እሳቸው ራሳቸው ይመጣሉ። ሌላው ግን ሽብርተኛ ተይዞበታል የተባለ ግቢ አይገባም፤ አንተው አይደለህ ያነበብከው አሉኝ። እናቷን አልቀበረች፣ አሁን ደግሞ ለቅሶ የሚደርሳት ልታጣ ነው።

ሐሙስ፣ ከእራት በኋላ
ትዕግሥት ለእናቷ የምትወስደውን ስኳር በፌስታል አስራ አስቀምጣለች። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ።

ወሰንኩ። ነገ ጎሕ ሲቀድ እኔ፣ አያ ይስማውና እድር ዳኛው ሦስት ሆነን እንነግራታለን። ከዚያ ሞንታርቦውን ይዤ እወጣለሁ። የተያዙት ማን እንደሆኑ፣ ለምን እንደመጡ፣ ለቅሶው የት እንደሆነ አነባለሁ። ያለ ፈቃድ። ከሥራ ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ። ጽሑፉን አሁን እየጻፍኩ ነው፤ አጭር ነው።

ትዕግሥት ከወዲያ ሆና ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። የነገውን ማስታወቂያ አልኳት።