እምነት ስለማይጣልበት አገልጋይ፦ ከዘጠነኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ ፎቅ

ለክቡር የሕንጻችን ነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ (እስከ ባለፈው እሑድ ረፋድ ድረስ)
ሦስተኛ ፎቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጉልበትዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ። ትንፋሽዎስ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎስ ቀና አለ? እኔና ወንድሜ በደኅና አለን፤ ለእርስዎም ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜ እና ባሰኘዎት ሰዓት የሚታዘዝ ሊፍት እንመኛለን።

ይህንን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በበርዎ ሥር ማስገባት ስችል በሊፍቱ በር ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎ። እንደዚያ ነው ብለው ከተረዱት ግን አልከራከርዎትም።

እኔ፣ እርስዎ «ያቺ የዘጠነኛ ፎቅ ነገረኛ» እያሉ በክብር የሚያነሱኝ ሴት፣ ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። የሙያዬ ዘርፍ ወረፋ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «ወረፋም ይማሩታል እንዴ?» ብሎ ይስቃል። ይማሩታል። ሰው በምን ያህል ፍጥነት ይመጣል፣ በምን ያህል ፍጥነት ይስተናገዳል፣ ምን ያህልስ ይጠብቃል፤ ይህንን ነው የምናሰላው። የሚያስተናግደውን፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይም ይሁን የውኃ ቧንቧ ወይም ሊፍት፣ «አገልጋይ» እንለዋለን። ሥራ ላይ ሳለ እየተበላሸ ሰው የሚያስቀምጠውን ደግሞ «እምነት የማይጣልበት አገልጋይ» እንለዋለን። ስሙ እርስዎን ሳናውቅ የወጣ ነው፤ ተንኮል የለበትም። ዕድሜዬን ሙሉ በወረቀት ላይ ሳሳድደው የኖርኩትን ነገር ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ በአካል ስላሳዩኝ ግን ምስጋናዬ ወደር የለውም።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልለፍ።

፩ኛ፦ ባለፈው ዓመት ጉባኤ ላይ ስለ ሊፍቱ ሲጠየቁ ተነሥተው፣ «ሊፍቱ ከአሥር ቀን ዘጠኙን ይሠራል፤ ከዚህ በላይ ምን ይሁንላችሁ?» አሉ፤ ተጨበጨበልዎት። እኔም ስለ አነጋገርዎ ማማር አጨብጭቤያለሁ። ነገር ግን ክቡርነትዎ ሁለት ሊፍት ያስቡ። አንዱ በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ይቆምና ይነሣል። ሌላው ለወራት ደኅና ሠርቶ አንድ ቀን ይተኛና ሳምንታት ይከርማል። በወረቀት ላይ ሁለቱም ከአሥር ዘጠኙን የሚሠሩ ናቸው። በመጀመሪያው ሥር ሰው ጥቂት አጉረምርሞ ይሳፈራል፤ በሁለተኛው ሥር ሰው ያረጃል። ጥገናው እጥፍ ሲረዝም ጥበቃው እጥፍ ሆኖ አይቆምም፣ ከዚያም ያልፋል፤ በተበላሸበት ጊዜ የሚመጣው ሰው በነበረው ላይ ይደራረባላ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኛ ሊፍት ግን እግር ለማውጣትም ፈቃድዎን ይጠብቅ ነበር።

የጥገናውን ርዝመት የሚወስነው ሞተሩ አልነበረማ። ጣሪያው ላይ ያለው የሞተር ክፍል ቁልፍ በእርስዎ ኪስ ነበር፤ ኪስዎ ደግሞ የኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ አይከፈትም ነበር። ነዋሪው «አቶ ምልዓተ ጉባኤ» የሚል ስም ያወጣልዎት በፍቅር ብቻ ነው።

፪ኛ፦ አንድ ጊዜ አቤት ልልዎት ስመጣ ክንዴን ይዘው እስከ ሊፍቱ በር ወሰዱኝና ባዶውን ኮሪደር አሳዩኝ። «ወረፋ የታለ እመቤቴ? አንድ ሰው እንኳን ቆሟል?» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ማንም አልነበረም። ሁሉም ተስፋ ቆርጦ በደረጃ ሄዷል። ወረፋ ጥሎ የሚሄደውን ሰው ያልቆጠረ ሒሳብ፣ አገልጋዩ በከፋ ቁጥር ወረፋው እያጠረ ይታየዋል። በዚህ ስሌትማ ሊፍቱን ጨርሶ ቢነቅሉት ኖሮ አንደኛ በወጡ ነበር።

ወረፋ ጥሎ መሄድ የማይችል ሰው ግን አንድ አለ። እሱም ታች ሳይሆን ላይ፣ እርስዎ በማያዩት በር በኩል የሚጠብቀው ታላቅ ወንድሜ ነው። ልብስ ሰፊ ነው። ስኳር በሽታ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ከወሰደበት ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሰው። ሊፍቱ ሲሠራ ዓለም ትከፈትለታለች፤ ሲተኛ ትዘጋበታለች። እኔ አብሬው እኖራለሁ፤ ስለዚህ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ጀርባው ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

፫ኛ፦ ይህንን በአጭሩ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ወንድሜ አንዲት ልጅ አለችው። የሰርግ ቀሚሷን ራሱ ሰፋላት። ጨርቁን በእጁ እየዳበሰ መረጠ፣ ሁለት ጊዜ ፈትቶ እንደ ገና ገጠመው፤ ጥልፉን ሲሠራ ቤት ውስጥ ሬዲዮ መክፈት እንኳን ተከልክሎ ነበር። ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ሊፍቱ ቆመ።

ሐሙስ ማታውን ቴክኒሻኑን ይዤ በርዎን አንኳኳሁ። ሰውየው የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ከጎኔ ቆሟል፤ «ሞተሩ ግሎ ነው፣ ክፍሉ ይከፈትልኝ እንጂ ቀላል ነው» አለዎት። እርስዎ በነጠላ ጫማ በሩ ላይ ቆመው፣ «ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ቁልፍ አላወጣም። አሠራር አሠራር ነው» አሉ። የሙሽራዋ አባት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ነገርኩዎት። «የግል ጉዳይን ከማኅበር ጉዳይ አናደባልቅ» ብለው በሩን፣ እውነቴን ነው፣ በጨዋ ደንብ ቀስ አድርገው ዘጉት።

ቅዳሜ ጠዋት የሙሽራው ጓደኞች መጡ። ወንድሜን በወጥ ቤት ወንበር አስቀምጠው ለአራት ተሸከሙት። ከስምንተኛው ወደ ሰባተኛው በሚወርደው ጠባብ መታጠፊያ ላይ የወንበሩ እግር ከብረቱ አጥር ጋር ተያያዘና ወንበሩ ዘመመ። ወንድሜ ግድግዳውን በሁለት እጁ ያዘ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ቢሆንም ቀልዱ አልጠፋበትም። «መልሱኝ ልጆቼ፤ በደስታ ቀን የሰው ነፍስ አላስጠፋም» አለ። መለሱት።

ሙሽራዋ ታች መኪና ውስጥ ነበረች። ነገሩን ስትሰማ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ደረጃውን ጀመረች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እርስዎ በርዎ ላይ ቆመው ነበር። «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ! ደረጃ ለሙሽራ ጥሩ ነው፣ ወገብ ያቀጥናል» አሏት። ይህንን የነገረችኝ ከሰርጉ በኋላ ነው፤ በዕለቱ ብትነግረኝ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም፣ እኔም በሌላ ቦታ በሌላ ወረፋ ላይ በሆንኩ ነበር።

ቤት ስትገባ ላብ በፊቷ ይወርዳል፣ ኩሏ ፈሷል። ወንድሜ ግን መጀመሪያ ያየው የቀሚሱን ጠርዝ ነው። በደረጃው አቧራ ጠቁሯል። «ቁሚ፣ አትንቀሳቀሺ» አላት። የልብስ ብሩሹን አንሥቶ ከወንበሩ ጎንበስ አለና ዙሪያዋን ጠራረገው፤ አልለቀቀም። ደግሞ ጠረገው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ቁመቱ ግን ልክ ነው» አለ። እሷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ «አባዬ፣ ያላንተ አልሄድም» ስትል፣ «እንግዳ ጠርቶ መቅረት ነውር ነው፤ ሂጂ» ብሎ መርቆ ላካት። መኪናው እስኪታጠፍ በመስኮት አየ። ከዚያም ወደ ስፌት መኪናው ዞሮ በመርፌው ክር ሲያስገባ አየሁት። የሚሰፋ ልብስ አልነበረም።

ሰኞ ዕለት አዲሱ ፍሪጅዎ መጣ። ምልዓተ ጉባኤው ምሳ ሳይደርስ ተሟላ፣ ክፍሉ ተከፈተ፣ ሊፍቱ ተጠገነ፣ ፍሪጁም በክብር ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። እንኳን ደስ ያለው።

ቁጥሬ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ ነውና።

ሊፍቱን ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ እያስወሩ መሆኑን ሰምቻለሁ። ጣቴን አላሳረፍኩበትም ክቡር ሆይ። ማወቅና ማበላሸት ይለያያሉ። ሊፍቱ ዕቃ ሲበዛበት ሞተሩ ይግላል፤ ዕቃ የሚበዛው ደግሞ ወር ሲያልቅ፣ ተከራይ ሲወጣና ሲገባ ነው። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሁለት ቤት ሊለቅ፣ አንድ ቤት ሊገባ እንደሆነ የሕንጻው ጥበቃ ነግሮኝ ነበር። ሌላው የተማሪ የቤት ሥራ ነው፤ እሑድ ጠዋት ሊፍቱ ቆሞ የመገኘቱ ዕድል ከፍ ያለ ሆነ። እኔም ለእሑድ ጠዋት ጉባኤ አስጠራሁ። ለፊርማ የሄድኩባቸው ጎረቤቶች እስክሪብቶ እስክሰጣቸው እንኳን አልጠበቁም።

ቦታውን የመረጠልን የእርስዎ ደንብ ነው። «ጉባኤ ማንኛውም አባል ሊገኝ በሚችልበት ስፍራ ይደረጋል» የሚለውን ያጸደቁት እርስዎ ነዎት፤ ሊፍት በሌለበት ቀን ወንድሜ ሊገኝበት የሚችለው ስፍራ ደግሞ የራሱ ሳሎን ብቻ ነው። «ጉባኤ ከተከፈተ በኋላ በሩ ይዘጋል» የሚለውንም ያስገቡት እርስዎ ነዎት፤ ከሥራ ዘግይተው የሚመጡት እንዳያስቸግሩዎት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ሲባል እሰማ ነበር፤ ቁናው እንዲህ ልክክ ይላል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሊፍቱ በአንድ ቁም ሣጥንና በሦስት ፍራሽ መሐል ቆመ። እሑድ ጎረቤቱ ሁሉ በማለዳ ተነሥቶ፣ በየፎቁ እያረፈ፣ የየራሱን በርጩማ ይዞ ወጣ። የእርስዎን ነገር የነገረኝ ጥበቃው ነው። በሰዓቱ ወጥተው የሊፍቱን መጥሪያ ተጫኑ፤ ደግመው ተጫኑ፤ በሩን በጡጫ መቱት። ቴክኒሻኑ ጋ ደወሉ፤ እሱም በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ እንዳትመጣ ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለዎት። ደረጃውን ጀመሩ። አምስተኛ ፎቅ ላይ ኮትዎን አወለቁ፣ ሰባተኛው ላይ ተቀመጡ፤ ጥበቃውን «ጠብቁኝ በላቸው» ብለው ላኩብን። መልእክትዎን ለጉባኤው ጮክ ብዬ አሰማሁት። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ወደ ወንድሜ ነበር የሚያየው። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ሲያንኳኩ የድምፅ ቆጠራው አልቆ ነበር። «ጥቂት ይቁም» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ወንድሜ ግን «ክፈቱለት፤ ወንበርና ውሃ ስጡት» አለ። ገብተው ተቀመጡ፣ ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት፣ ከዚያም «ሊፍቱ እኮ...» ብለው ጀመሩ። ያን ጊዜ ግን ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቁልፉን ከኪስዎ አውጥተው ለአዲሱ ሰብሳቢ፣ ለወንድሜ፣ ሲያስረክቡ ያየሁት በደስታ ነው፤ ይህንን መደበቅ ለሙያዬ ሐቀኝነት አይስማማም።

ሰኞ ሊፍቱ ተጠገነ። ማክሰኞ ወንድሜ ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ብቻውን ወረደ፤ አብሬህ ልሂድ ስለው «እኔ ሕፃን ነኝ?» አለኝ። የሄደው ልጁ ቤት ነው፤ ከወረድኩ በኋላ ሊፍቱ ቢቆምብኝስ እያለ፣ ከገባች ወዲህ አይቶት አያውቅም ነበር። ሲመሽ ደወለልኝ። ከበስተኋላው ሳቅና የሳህን ድምፅ ይሰማል። «ዛሬ እዚሁ አድራለሁ፤ አትጠብቂኝ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ብለው ያዝኑብኝ ይሆናል። አይዘኑ፤ ምሳሩ አንድ ነው፣ እሱም የእኔ ነው፤ ወንድሜማ ይቅር ብሎዎታል። በበኩሌ ለይቅርታ ጊዜ ስላላገኘሁ ለዚህ ጉድለቴ በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለታላቅነትዎ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣ ዝቅ ባለች ቁጥር ደረጃዎን የምታስታውስ፣ ለቀሪው ዘመንዎ ብዙ ጸጥታና ጥቂት ሥልጣን የምትመኝልዎት፣

የዘጠነኛ ፎቅ ነገረኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጉባኤው ለአንድ ቤት አንድ ድምፅ ስለሆነ የእርስዎ ቤት ድምፅ ባክኖ ቀርቷል ብለው እንዳይቆጩ። ባለቤትዎ «እኅቴን ልጠይቅ» ብለው በማለዳ የወጡት ወደ እኛ ነበር፤ እጃቸውንም ያወጡት ከሁሉ ቀድመው ነው። እርስዎ ሲገቡ ወደ ጓዳ የሸሹት አፍረው አይደለም፣ ሳቃቸው እንዳይሰማብዎት ነው። ይህንን እንድጽፍልዎት የለመኑኝም እሳቸው ራሳቸው ናቸው።