አባየ ከዋስትና የወጡበት ቀን

ለጋልያ አባት፣ ቤርሼባ ላለኸው፦

እንዴት ሰነበትክ? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጋልያ በቁመት ልትደርስብኝ ነው። አባየም ጠዋት ጠዋት ከሰፈራችን ከክርያት ሞሼ እስከ ገበያው በእግራቸው ይሄዳሉ።

ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ቆይቼ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት፣ ያን ቀን መስክረህ ከፍርድ ቤት ሳትሰናበተን ስለሄድክ ነው። ዳኛዋ ትናንት ወሰነች። አባየ ከዋስትናው ነጻ ወጥተዋል፤ የታገደው የጡረታ ገንዘባቸውም ተለቋል። ይህን ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግሁም።

ለጭነት መኪናህ ብድር አባየ፣ ለልጃቸው ባል ብለው፣ ዋስ ሆነው ሲፈርሙ አጠገባቸው ነበርኩ። ሥራው ሲቀዘቅዝብህ ባንኩ ብድሩን ጨምሮ፣ ወለዱንም ከፍ አድርጎ እንደገና እንዳስፈረመህ ግን ሁለታችንም አላወቅንም። ያወቅነው የእገዳው ወረቀት አባየ ቤት ሲደርስ ነው። ያን ዕለት የተናገርኩህን አልደግመውም። አንተም ልብስህን ይዘህ ወጣህ።

ጠበቃችን ሃጋር፣ ዋሱ ሳያውቅ ውሉ ከተለወጠ ዋስትናውን ማፍረስ ይቻላል አለችን። ባንኩ ደግሞ፣ ለሽማግሌው በስልክ ነግረናቸው ተስማምተዋል ብሎ ድርቅ አለ። በእጃችን ምንም ማስረጃ አልነበረም። ሃጋር አንተን ለምስክርነት ልጥራ ስትል፣ "አትድከሚ፣ አይመጣም" ያልኳት እኔ ነኝ። ይህንንም እወቀው።

አንተ ግን በሥራ ጫማህ፣ ከአውቶቡስ ወርደህ በቀጥታ መጣህ። አስተርጓሚው ስለቀረ ከዕብራይስጥ ለአባየ የምተረጉመው እኔ ሆንኩ። አንድም ቃል እንዳታስቀሪ አሉኝ አባየ። ስለዚህ ያንተን ቃል በራሴ አፍ፣ "አልተነገራቸውም። እንዳይነገራቸው የለመንኩት እኔ ነኝ፤ አፍሬ ነው። ዕዳው የእኔ ነው" ማለት ነበረብኝ። የባንኩ ጠበቃ፣ ይህ ቃልህ ዕዳውን ባንተ ላይ ብቻ እንደሚጥለው ገብቶሃል ወይ ሲልህ፣ "ቤሰደር፣ እሺ፣ ለዚሁ ነው የመጣሁት" አልክ። ይህቺን ብቻ ሳልተረጉማት ቀረሁ። አባየ ግን ሳልነግራቸው ገባቸው፤ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ። ስምህን በክፉ ሳነሳ የከረምኩት ሴትዮ፣ የዚያን ዕለት በሰው ሁሉ ፊት ኮራሁብህ።

የአባየ ነገር ደግሞ ይግረምህ። ሃጋር ያነበበችውን ውሳኔ ስተረጉምላቸው እልል ይላሉ ብለን ስንጠብቅ፣ "እሱስ?" አሉ። ዕዳው አንተ ላይ እንደቀረ ስነግራቸው፣ "ለመሆኑ ያን ቀን ምሳ በልቶ ነው የሄደው? እንዴት ዝም ብለሽ ትሸኝዋለሽ?" ብለው ተቆጡኝ። ዓርብ እንድትመጣ አዘዋል። ሃጋርም በየወሩ ባቅምህ የምትከፍልበትን መንገድ ልታስጨርስልህ ፈቃደኛ ነች።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የረባኑቱ፣ የረቢዎቹ ፍርድ ቤት፣ የፍቺ ቀጠሯችን የፊታችን ማክሰኞ ነበር። ደውዬ ሰረዝኩት። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ፣ በዚህ ሰሞን ሥራ ይበዛብኛል አልኳቸው።

አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ስትወጣ ስትገባ ይጠብቅህ። ከሥራ ስትመለስ ደክሞህ ራትህን ሳትበላ እንዳትተኛ።

የጋልያ እናት
ከረሆቮት