የግራው ፔዳል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አዳማ

የአሮጌው ብስክሌቴ የግራ ፔዳል ዛሬም አልወጣም። ዝጎ ስለተጣበቀ ከእሁድ ጀምሮ ናፍጣ ሳጠጣው ሰነበትኩ። ጎረቤቴ ገመዳ መጥቶ አየኝና፣ "አካም ጋሼ፣ ይሄ ብረት ከእርስዎ ጋር ሊቀበር ነው መሰለኝ" አለኝ።

"የምትሸከመው አንተ ከሆንክ፣ ብስክሌቱን በሙሉ አብሬ አስቀብራለሁ" አልኩት።

መፍቻውን አስገብቼ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ገመዳ ጎንበስ ብሎ እጄን አየ። "ጋሼ፣ ወደ ግራ እኮ ነው እያዞሩት ያሉት።"

የግራ ፔዳል ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ብስክሌት በማከራይበት ዘመን ይህንን ለገመዳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ለካ እስከ ዛሬ የምፈታው መስሎኝ ሳጠብቀው ነው የከረምኩት።

"መንቃትህን ልፈትን ብዬ ነው" አልኩት። ሳቀ። በቀልዴ ሁሌም ይስቃል። ባለቤቴ ዘነበች ግን በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር፤ አልሳቀችም።

ታላቅ ወንድሜንም የጀመረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የእጁ ሥራ ጠፋው፣ ቀጥሎ የቤቱ መንገድ። በኋላ ቢሾፍቱ መናኸሪያ ቆሞ ስሙን ሲጠይቁት መልስ አጣ። እኛ እስከዚያ ድረስ የሚቀልድ መስሎን ስንስቅ ነበር።

ምሳ ላይ ዘነበች ወጡን እያወጣችልኝ፣ "የግራው ወዴት ነው የሚፈታው?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ወደ ቀኝ ነዋ" አልኳት። ልክ ነበርኩ። ግን ከመመለሴ በፊት እጄን ከጠረጴዛው ሥር አዙሬ መሞከር ነበረብኝ።