በዕድሜ ቅደም ተከተል ስለተቀመጡት የታንካችን ሰዎች

ለተከበሩ ጋሼ ዓለምሰገድ
የፌርፋክስ ወጣቶች ክበብ ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የክበቡን ጌም ፓስወርድ ብቻውን የያዘው አእምሮዎ እንደተጠበቀ እንዲቆይልን እመኛለሁ። ስብሰባ ላይ እጄን ለማውጣት ድፍረቱ ስለሌለኝ ይህን ደብዳቤ በክበቡ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

እንደሚያውቁት በኮምፒውተር በምንጫወተው የታንክ ውጊያ ጌም ውስጥ ታንካችን አራት ሰዎች ነበሩት፦ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ ሹፌርና ጥይት አጉራሽ። እነዚህ ሰዎች በተጫወቱ ቁጥር ይለምዳሉ፤ ሲለምዱም ያው ታንክ ቶሎ ይጎርሳል፣ አስተካክሎ ያነጣጥራል፣ ከሩቅ ያያል። ከትምህርት ቤት መልስ እየመጣሁ ሁለት ዓመት ያሠለጠንኳቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከዌስትቼስተር ሰፈር ልጆች ጋር ልንገጥም አንድ ሰዓት ሲቀረን ግን እርስዎ አሰናበቷቸው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ስማቸው የፈረንጅ ነው ብለው አራቱን አስወጥተው፣ ምንም ያልሠለጠኑ አራት ሰዎችን ቀጥረው የክበቡን ኮሚቴ አባላት ስም ስላወጡላቸው አመሰግናለሁ። ስማችሁ ስክሪኑ ላይ ለአርባ ሰከንድ ያህል አምሮ ታይቷል። ከዚያ ታንኩ ተቃጠለ።

፪. ቦታውን እንደ ሠርግ ቤት ወንበር በዕድሜ ስለደለደሉም አመሰግናለሁ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሌላው ሰው ሦስት ጊዜ ዞሮ የሚተወውን ጠባብ ቦታ በአንድ ጊዜ ፓርክ የሚያደርጉት፣ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱት ጋሼ ለይኩን፣ በዕድሜ ከሁሉም ስለሚያንሱ አጉራሽ ሆኑ። መንጃ ፈቃድ አውጥተው የማያውቁት እትዬ ሠናይት ሹፌር ሆኑ። ስም ብቻ እንደሆነ ይገባኛል፤ ስሙን ለመስጠት የታሰበበትን ያህል ግን ሥራው አልታሰበበትም። በእርስዎ ስም የተጠራው አዛዥም አጠገቡ የቆመውን ጠላት አላየውም። ያልሠለጠነ አዛዥ ከአፍንጫው አልፎ ማየት ስለማይችል ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

፫. ለሽንፈቱ ምክንያቱ የእኔ እጅ መንቀጥቀጥ መሆኑን በቃለ ጉባኤ ስላስመዘገቡልኝ አመሰግናለሁ፤ ስሜ እዚያ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። እጄ መንቀጥቀጡ እውነት ነው። አራቱ ሳሉም ይንቀጠቀጥ ነበር። ተኳሹ ግን ለምዶኝ ስለነበር፣ እኔ ስደናገጥ እንኳ ጥይቱ ከታሰበበት ብዙም አይርቅም ነበር። ከሰው ጋር ማውራት የሚከብደው ሰው እንደዚህ ያለ ባልደረባ በቀላሉ አያገኝም።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ጌሙ የተሰናበተን ሰው የሚያቆየው ለሰባት ቀን ነው፤ የፊታችን ቅዳሜ ካለፈ አራቱ ለዘላለም ይጠፋሉ። እነሱን ለመመለስ ፓስወርዱን አስገብቶ አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል። እኔን ከቡድኑ ማስወጣት ካስፈለገም ይሁን፤ ታንኩን ለሚይዘው ልጅ እነሱ ይቆዩለት። አዛዥነቱ ከቀረብዎ ቅር እንዳይልዎት፣ የታንኩን ስም «ጋሼ ዓለምሰገድ» ልንለው እንችላለን። ብረቱ ሥልጠና አይጠይቅም።

ቀና ብዬ ሳላይዎት፣ ነገር ግን ከልቤ በመነጨ አክብሮት፣

ሶሊያና
የአራቱ ተሰናባቾች የቀድሞ አሠልጣኝ

ሳልረሳው፦ የዌስትቼስተር ልጆች ከጨዋታው በኋላ ጽፈውልኝ ነበር። በሚቀጥለው የኮሚቴ ምርጫ የውጭ ሰው ድምፅ መስጠት ይችል እንደሆነ እንድጠይቅላቸው ለምነውኛል። ሁላቸውም የሚመርጡት እርስዎን ነው።